ግልባጭ

ጣቴ ላይ ተኛች፤ ከጥፍሬ አትበልጥም፣
ብትወድቅ ከወለል ሰው አያገኛትም።
አምስት ዓመት ሙሉ በአባቴ ስልክ ከርማ፣
በመርፌ ጫፍ ወጣች ዛሬ ተለቅማ።

አዘዞ፣ ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ፣
ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሽምብራ ሲቆላ፣
ጠረጴዛዬ ላይ ትንሿ ሰሌዳ፣
መታወቂያ ታህላለች፣ ራቁቷን፣ እንግዳ፤
ሙሉ ኮምፒውተር ናት፣ አንድ ነገር ጎድሏታል፦
ካርድ ካልጎረሰች ማን ይቀሰቅሳታል?

ሰባ ሁለት ልጆች፣ ዘጠነኛ «ለ»፤
ለሁሉም የፊዚክስ ሦስት መጽሐፍ አለ።
ኔትዎርክ እንደ እንግዳ መጥቶ ይሄዳል፤
ይቺ ከነቃች ግን ክፍሉ መጽሐፉን ካየር ላይ ይቀዳል።

አዲስ ካርድ ነበረኝ፣ ቅዳሜ የገዛሁት፤
ጀርባው «ስልሳ አራት» ይላል፣ ሆዱን ብመዝነው ስምንት አገኘሁት።
ያስቀመጥኩበትን አደራ እየካደ
ከስምንት በላዩን ዋጥ አድርጎ ሄደ።
የቀረችኝ ይቺ ናት።

ከፈትኳት።
የመብራት ቆጣሪ። የባንክ ደረሰኝ።
የራሱ አውራ ጣት፣ አሥር ጊዜ፤ ሳቄ አመለጠኝ።
የደንበኛ ትከሻ በሜትር ተለክቶ፣
የዚፕ ዓይነት፣ የቁልፍ፣ ሌላ የአውራ ጣት ፎቶ።

ልብስ ሰፊ ነበር። ፒያሳ በረንዳ፣ ከፖስታ ቤት ጎን፣
ሲንጀር እያስጮኸ ያሳደገኝ እኔን።
ስሙን ያተረፈው በአዲስ ልብስ አይደለም፤
ኮሌታ በመገልበጥ አቻ አልነበረውም።
ያለቀውን ሸሚዝ ይፈታል አዙሮ፣
ያረጀው ወደ ውስጥ፣ ያላረጀው ወደ ውጪ ተቀይሮ፣
ይሰፋዋል ደግሞ።
«አዲስ ነው» አይልም።
«ገና ነው» ይላል።

ከፎቶዎቹ ሥር አንድ ቪዲዮ፣ ዘጠኝ ሰከንድ።
ጣሪያው፣ ከዚያ አፍንጫው፣ ሜትሩ ተንጠልጥሎ ካንገቱ ላይ፤
«ይሄ ነገር ይቀርጻል እንዴ? ዝማም፣ ነይ!»
ዝማም እኔ ነኝ።
«ቆይ አባባ» የሚል ድምፄ ከሩቅ ተሰማኝ፤
ከዚያ ያበቃል።

ገለበጥኩት፤ ላፕቶፑ ላይ አኖርኩት።
ኮሌታ አይደለም፣ ቃሉን ግን ከሱ ነው የወረስኩት።

ከዚያ መጣ ጥያቄው፦ «የትኛው ዲስክ ይጥፋ?»
ሁለት ስም ተደርድሯል፤ በአንዱ ብሳሳት ላፕቶፑ ሊደፋ፣
የሦስት ዓመት ውጤት ከነማርኩ ሊጠፋ።
«ሰባቴ ለክተሽ አንድ ጊዜ ቁረጪ።»
መቀሱ ጨርቁ ላይ ቆሞ ሲያመነታ አይቻለሁ፤ እኔም ቆምኩ።
መጠኑን አየሁ፦ ሠላሳ ሁለት።
ነቀልኩ፦ ስሙ ጠፋ። ሰካሁ፦ ተመለሰ።
እንዲህ እያልኩ ሰባት አደረስኩት።
ቆረጥኩ።

አሥር በመቶ። አርባ። ሰባ—
መብራት ሄደ።
የላፕቶፑ ባትሪ ካረጀ ከርሟል፤ እሱም አብሮ ተኛ።
ዘበኛው ጋሽ ፈንቴ ጃንጥላውን ይዞ
«ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም» ሊል መጣ።
ተቀመጥን በጨለማ፤ እጄ ላይ ያለችው
የድሮው የሌላት፣ አዲሱም ያልመጣላት፣
ኮሌታው ተፈቶ ያልተሰፋ ሸሚዝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመለሰ። ከዜሮ ጀመርኩ።
መቶ ሲሞላ፣ የጻፈውን ደግሞ መልሶ ማንበብ፣
ልክ እንደሱ፣ ስፌቱን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ሲያስብ።

አሁን ሁለት ክፍል ናት፤ ትልቁን የኔ ላፕቶፕ አያየው፤
ትንሿ ግን ደጃፍ ናት፣ ሰሌዳዋ ስትነቃ መጀመሪያ የምትረግጠው።
እዚያ አንድ ባዶ ፋይል አኖርኩ፣ መመሪያው እንዳለው፤
ስም ብቻ፣ ሆድ የሌለው፣ ከሩቅ ስጠራት በር የሚከፍተው።
ከጎኑ ሌላ አኖርኩ፣ መመሪያው የማያውቀው።
ዘጠኝ ሰከንድ።

ሰካሁ። ቀዩ በራ። አረንጓዴው ጠቀሰ፣
ቆመ፣ ልቤን ይዞ፤ ከዚያ ተመለሰ።
ስም ስጪኝ አለች።
«ገና» ብዬ ጻፍኩ።

ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩ ማታውኑ፦
የዘጠነኛ «ለ» ፊዚክስ ከነገ ጀምሮ በክፍሉ ይነበባል።

ግልባጭ፦
ለአቶ ይርዳው፣ ልብስ ሰፊ፣
ፒያሳ።